ባትሪን መሙላትና ማስቀመጥ፦ የገመድ አልባ መሣሪያ ባትሪ በቤታችን ውስጥ

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእስ ለዩኒቨርሲቲ መድረክ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። የድሪል ባትሪ እንዴት ይሞላል? የት ይቀመጣል? ይህን የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። የመጀመሪያው ኑሮ ነው። ዛሬ በከተሞቻችን በየሕንፃው ላይ በባትሪ የሚሠራ ድሪል ወይም ግራይንደር ይዞ የሚውል ወጣት ቁጥሩ ብዙ ነው። ከመሣሪያው ዋጋ ውስጥ ብዙ ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ባትሪው ነውና፣ አራትና አምስት ዓመት ሊያገለግል የሚችል ባትሪ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሞተ፣ የሞተው የዚያ ወጣት ጥሪት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ሕይወት ነው። ብዙው ሠራተኛ ባትሪውን የሚሞላው ከቤተሰቡ ጋር በሚተኛበት ክፍል ውስጥ፣ ሌሊት፣ ሁሉም ሰው ባንቀላፋበት ሰዓት ነው። በዚህ ልማድ ላይ ዝም ማለት አይገባንም ብዬ አምናለሁ።

ንግግሬን በአራት እከፍለዋለሁ፦ በባትሪው ውስጥ ያለው ነገር፣ አሞላሉ፣ አቀማመጡ፣ በመጨረሻም ገበያውና አደጋው።

አንደኛ፦ በውስጡ ያለው ምንድን ነው?

ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገመድ አልባ ድሪልን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1961 ነበር። የዚያ ዘመን ባትሪ የኒኬል ካድሚየም ነበር። ይህ ባትሪ ጠንካራ ቢሆንም ሁለት ነውር ነበረበት፤ ካድሚየም መርዛማ ብረት ነው፤ ደግሞም ባትሪው በተደጋጋሚ ሳያልቅ ከተሞላ፣ አቅሙ የቀነሰ ያህል ሆኖ ይገኝ ነበር። «ባትሪን ሙሉ በሙሉ ሳትጨርስ አትሙላ» የሚለው ምክር የመጣው ከዚያ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለገመድ አልባ መሣሪያዎች ትቶት የነበረውን የኒኬል ካድሚየም ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ዘግቷል። ባትሪው ከገበያ እየወጣ ነው፤ ምክሩ ግን በአፋችን ቀርቷል። ለዛሬው ባትሪ ምክሩ ጎጂ ነው።

የዛሬው ባትሪ ሊቲየም አዮን ይባላል። መሠረቱን የጣሉት ስታንሊ ዊቲንግሃም፣ ጆን ጉዲናፍና አኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ተካፍለዋል። ሶኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ለንግድ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን፣ ወደ ከባድ የእጅ መሣሪያዎች በስፋት የገባው ከ2005 ወዲህ ነው።

ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዋልታዎች አሉ፤ አንዱ ከግራፋይት፣ ሌላው ሊቲየም ካለበት የብረት ኦክሳይድ የተሠራ። በመካከላቸው ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ከፀጉር የሳሳ ቀዳዳማ ሽፋን ተዘርግቷል። ባትሪው ሲሞላ የሊቲየም አዮኖች በሽፋኑ ቀዳዳዎች አልፈው ወደ ግራፋይቱ ይገባሉ፤ ስንሠራበት ይመለሳሉ። አዮኖቹ የሚዋኙበት ፈሳሽ ውኃ አይደለም፤ በቀላሉ የሚቀጣጠል ኬሚካል ነው። ይህን አንድ ሐቅ ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ፣ ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ከእርሱ የሚመነጭ ነው።

አንዱ ሴል በአማካይ 3.6 ቮልት ይሰጣል፤ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። አምስቱ በተከታታይ ሲያያዙ 18 ቮልት ይሆናሉ፤ ሙሉ ሲሆኑ ደግሞ 21። ስለዚህ በአንዱ ባትሪ ላይ 18፣ በሌላው 20፣ በሦስተኛው 21 ተብሎ ብታዩ፣ ብዙ ጊዜ የአንድ ነገር ሦስት ስም ነው።

በውስጡ የታመቀው ጉልበት ምን ያህል ነው? 18 ቮልትን በ5 አምፔር ሰዓት ብናባዛ 90 ዋት ሰዓት እናገኛለን፤ ይህም 324 ሺህ ጁል ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ይህ ጉልበት አንድ ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት ይበቃል። አንድ ትልቅ ጀበና የሚያፈላ ጉልበት በእጅ በሚያዝ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። በሥርዓት ሲወጣ ግድግዳ ይበሳል፤ ያለ ሥርዓት በአንድ ጊዜ ከወጣ ግን ቤት ያቃጥላል።

ሁለተኛ፦ አሞላሉ

ትክክለኛ ቻርጀር በሁለት ደረጃ ይሠራል። በመጀመሪያ የማይለዋወጥ መጠን ያለው ኤሌክትሪክ ይልካል፤ እያንዳንዱ ሴል 4.2 ቮልት ሲደርስ ቮልቴጁን በዚያው አጽንቶ የሚልከውን ኤሌክትሪክ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ያቆማል። የባትሪውንም ሙቀት ይጠይቃል። በእነዚህ ቻርጀሮች ላይ ከሁለት በላይ የብረት ንክኪ የምታዩት ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፣ ሌሎቹ ወሬ ያቀብላሉ። በርካሽ ባትሪዎች ላይ የምናየው ቀጭን ሹል ገመድ ያለው ቻርጀር ግን ብዙ ጊዜ ስለ ሙቀትም ሆነ ስለ እያንዳንዱ ሴል አይጠይቅም። አምስቱን ሴሎች እንደ አንድ ይቆጥራል። አንዱ ሴል ቢደክምና አራቱ ጤነኛ ቢሆኑ፣ ድምሩ ትክክል መስሎ ሳለ አንዱ ከልኩ በላይ ሊሞላ ይችላል። በሳጥኑ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ይህን ካልያዘው ሌላ የሚይዘው የለም።

ከዚህ የሚከተሉት ምክሮች ጥቂትና ቀላል ናቸው።

ባትሪው ከከባድ ሥራ እንደ ወጣ፣ ትኩስ ሳለ አትሙሉት። ኮንክሪት ሲበሳ የዋለ ባትሪ ውስጡ ከእጃችን ግምት በላይ ይግላል። ግማሽ ሰዓት ያህል በጥላ ይረፍ። የብዙ አምራቾች መመሪያ ባትሪው እንዲሞላ የሚፈቅደው በግምት ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ መሙላት ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው፤ ሊቲየሙ ወደ ግራፋይቱ ውስጥ መግባት ትቶ በላዩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል፤ ይህም ተመልሶ የማይድን ጉዳት ነው። ይህ ለአዲስ አበባ ነዋሪ የሚያሳስብ አይደለም፤ በሚኒሶታ ወይም በስዊድን ጋራዥ ውስጥ መሣሪያውን አስቀምጦ ክረምቱን ለሚያሳልፍ ወገናችን ግን ይመለከተዋል። ባትሪውን ወደ ቤት አስገብቶ ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል መጠበቅ ይበቃዋል።

«አዲስ ባትሪ መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ቻርጅ ይደረግ» የሚለውን የሻጮች ምክር እርሱት። ሲሞላ ሞልቷል። ሲሞላም ከቻርጀሩ አውጡት። በየቀኑ ሙሉ በሙሉ መጨረስም አያስፈልግም፤ መሣሪያው ጉልበቱ መድከሙን ባሳያችሁ ጊዜ አቁሙ።

ስለ ኤሌክትሪካችን ልጨምር። በአገራችን ያለው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ የመሣሪያ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው። የስልክ ቻርጀር ሁለቱንም ስለሚቀበል ሰዎች ይህም እንደዚያው ይመስላቸዋል፤ ሶኬት ላይ ሲሰኩት ወዲያው ይቃጠላል። ከመሰካታችሁ በፊት በጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ካላለ በቀር፣ በቂ ዋት ያለው ቮልቴጅ ዝቅ ማድረጊያ ትራንስፎርመር ያስፈልጋችኋል። የእግሩን ቅርጽ ብቻ የሚለውጥ ማያያዣ ቮልቴጅን አይለውጥም። ከዱባይ የሚመጣው በቮልቴጅ ይስማማናል፤ ችግሩ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው መሰኪያው ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ንቀሉ። መብራት ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልቴጅ የሚዋዥቅባቸው ናቸውና፣ ጥቂት ቆይታችሁ ሰኩ።

ቦታውስ? በሴራሚክ ወይም በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ዙሪያው ክፍት ሆኖ፣ ነቅታችሁ ባላችሁበት ሰዓት። በፍራሽ ላይ፣ በስፖንጅ ላይ፣ በመጋረጃ ሥር አይሁን። ከሁሉ በላይ አንድ በር ባለው ክፍል ውስጥ ባትሪውን በበሩ አጠገብ አትሙሉ። ሶኬቱ ብዙ ጊዜ በበሩ አጠገብ ስለሚገኝ ይህ ከባድ ጥያቄ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን እሳት ቢነሣ መውጫችሁን የሚዘጋው ባትሪው ይሆናል። ማከፋፈያ ገመድ ወስዶ ቦታውን መለወጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሥራ ቦታ ላይ ቀን መሙላት የሚቻል ከሆነ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ሦስተኛ፦ አቀማመጡ

ባትሪ ሁለት ዓይነት እርጅና አለው። አንዱ በሥራ ብዛት የሚመጣ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ የሚዘነጋው፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ የሚመጣው ነው። በውስጡ ያሉት ኬሚካሎች ባንነካቸውም እርስ በርሳቸው ይበላላሉ። ይህን መበላላት የሚያፋጥኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሙቀትና ሙላት። ብዙ ኬሚካዊ ለውጦች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይፈጥናሉ።

በመስኩ ደጋግሞ የሚጠቀስ አንድ ግምት ልንገራችሁ። ባትሪ በ25 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ዓመት ሲቀመጥ፣ 40 በመቶ ያህል ተሞልቶ ከሆነ ከአቅሙ 4 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ሙሉ ሆኖ ከተቀመጠ ግን 20 በመቶ ገደማ። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ከሆነ የመጀመሪያው 15፣ ሁለተኛው 35 በመቶ ያህል ያጣል። ቁጥሩ እንደ ባትሪው ኬሚስትሪ ይለያያል፤ ሥርዓቱ ግን አይለወጥም። ከሁሉ የከፋው ሙላትና ሙቀት አብረው ሲገኙ ነው።

እንግዲህ አስቡት። አዲስ አበባ ላይ በጥላ የተቀመጠ ባትሪ የታደለ ነው፤ የከተማዋ አየር ለባትሪ የተመቸ ነው። ሰመራ ወይም ጋምቤላ ያለ ባለሙያ ግን ከፍተኛ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በአዲስ አበባም ቢሆን ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያ ከቀትር በኋላ ሌላ አገር ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ የመኪና ዳሽቦርድም እንደዚሁ። ባትሪን ከግድግዳው በታችኛው ክፍል፣ ከምድጃና ከከሰል ርቆ፣ በደረቅ ቦታ አስቀምጡ።

ክረምት ሲገባ የውጭ ግንባታ ይቀዘቅዛል። ብዙ ሠራተኛ በሰኔ መጨረሻ መሣሪያውን ጠቅልሎ አስቀምጦ መስከረም ላይ ያወጣዋል። ታዲያ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ «ዝግጁ ይሁን» ብሎ ሙሉ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ሌላው ሥራውን ሲጨርስ ባዶ ያደረገውን እንዲሁ ይጥለዋል። ሁለተኛው የበለጠ ይጎዳል። ምክንያቱም ባዶ ባትሪ ተቀምጦም ቢሆን ጥቂት ጥቂት ይፈሳል፤ የውስጥ መቆጣጠሪያ ሰሌዳውም ከእርሱ ይመገባል። ሴሉ ከሚገባው በታች እጅግ ሲወርድ፣ በአሉታዊ ዋልታው ላይ ያለው ስስ መዳብ በፈሳሹ ውስጥ መሟሟት ይጀምራል። ኋላ ሲሞላ ያ መዳብ በማይገባው ቦታ ተመልሶ ይጠጥራል፤ በሁለቱ ዋልታዎች መካከልም የውስጥ ድልድይ ሊሠራ ይችላል። መስከረም ላይ ቻርጀሩ «አልቀበልም» ብሎ ቀይ መብራት ሲያበራ ግትርነት አይደለም፤ እያዳናችሁ ነው። አንዳንድ ባለሙያዎች ያንን ባትሪ ከሌላ ሙሉ ባትሪ ጋር በገመድ አያይዘው «ያስነሡታል»። ይነሣል፤ የተነሣው ግን በሆዱ መዳብ የቋጠረ ባትሪ ነው። እባካችሁ ይህን ተዉት።

ትክክለኛው መንገድ መካከለኛው ነው። አራት መብራት ያለው ባትሪ ከሆነ ሁለቱ ሲበሩ አስቀምጡት። ከመሣሪያውም አላቅቁት። በሦስት ወር አንድ ጊዜ መብራቱን ተመልከቱ፤ አንድ ብቻ ከቀረ ጥቂት ሙሉት። የባትሪውን አፍ በክዳኑ ሸፍኑ። ሚስማርና ብሎን በያዘ ከረጢት ውስጥ እርቃኑን መጣል ትልቅ አደጋ ነው፤ አንድ ብሎን ሁለቱን ንክኪዎች ካገናኘ በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር በዚያ ብሎን ውስጥ ያልፋል፤ ብሎኑም ወዲያው ይግላል።

አራተኛ፦ ገበያውና አደጋው

በገበያችን «48ቪኤፍ»፣ «88ቪኤፍ»፣ «128ቪኤፍ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ባትሪዎች ሞልተዋል። ብዙዎቹን ብትከፍቷቸው የምታገኙት ያንኑ አምስት ሴል፣ ያንኑ 21 ቮልት ነው። ከቁጥሩ አጠገብ የተጨመረችው አንዲት ፊደል ቁጥሩን ከቮልት መለኪያነት አውጥታ የንግድ ስም ታደርገዋለች።

ተማሪዎቼ ገዢ ሲጠይቃቸው በመደብሩ ውስጥ ሊሠሩት የሚችሉት ስሌት አለ። 18650 የሚባለው ሴል፣ ማለትም 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው፣ እጅግ ጥሩ ቢሆን 3.5 አምፔር ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ክብደቱም ከ45 እስከ 50 ግራም ነው። ስለዚህ አምስት ሴል ብቻ የያዘ ቀጭን ባትሪ «10 አምፔር ሰዓት» ቢል ቁጥሩ ሊሆን የማይችል ነው። አሥር ሴል የያዘ ባትሪ ደግሞ ሳጥኑ ሳይቆጠር ወደ ግማሽ ኪሎ ሊመዝን ይገባል። ሚዛን አይዋሽምና ባትሪ ስትገዙ በእጃችሁ መዝኑት።

ስለ ጥገናም አንድ ቃል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ሴል ለድሪል አይሆንም። ላፕቶፕ ጥቂት አምፔር ነው የሚጠይቀው፤ ድሪል ሲከብደው 20ም 30ም ሊጠይቅ ይችላል። ቅርጹ አንድ ቢሆንም ሴሉ ለዚያ አልተሠራም፤ ይግላል። ሴልን በብየዳ ካውያ በቀጥታ መበየድም የውስጡን ሽፋን ይጎዳል፤ ትክክለኛው በኒኬል ቅጠልና በነጥብ መበየጃ የሚሠራው ነው።

ከውጭ አገር ባትሪ ይዛችሁ ወይም አስልካችሁ ለምትመጡም፦ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይገባም። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ አየር መንገድ ፈቃድ ይያዛል፤ ከ100 እስከ 160 ደግሞ በአየር መንገዱ ፈቃድ እስከ ሁለት ትርፍ ባትሪ። ቅድም ያሰላነው ባለ 5 አምፔር ሰዓት ባትሪ 90 ስለሆነ ያልፋል፤ ባለ 6ቱ 108 ስለሚሆን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ብቻቸውን በአየር ጭነት የሚላኩ ባትሪዎች ከ30 በመቶ በላይ እንዳይሞሉ፣ በመንገደኛ አውሮፕላን ጭነትም እንዳይሄዱ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዓለም አቀፍ ደንብ ተደንግጓል። አየር መንገዶች ሙላትን ከአደጋ ጋር ካያያዙት፣ እኛም በአልጋችን ሥር ስላለው ልናስብበት ይገባል።

አደጋው እንዴት ይመጣል? ሴሉ በማንኛውም ምክንያት ከ100 ዲግሪ አካባቢ ካለፈ፣ የውስጡ ለውጥ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። በ130 ዲግሪ አካባቢ መለያው ፕላስቲክ መቅለጥ ይጀምራል፤ ዋልታዎቹ ይገናኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ከውጭ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም አይቆምም። አንዱ ሴል ጎረቤቱን ያቀጣጥላል። የሚወጣው ጭስ ሃይድሮጅን ፍሎራይድን የመሰሉ መርዞች አሉበት።

ምልክቶቹን እወቁ፦ ሳይሠራ የሚግል ባትሪ፣ ሳጥኑ የተጣመመ፣ እንግዳ የኬሚካል ሽታ ያለው፣ የሚያፏጭ ድምፅ ያሰማ። እንዲህ ያለውን ዳግመኛ አትሙሉት፤ ገና ካልጨሰ ከቤት ውጭ ሊቀጣጠል ከሚችል ነገር አርቁት። ከጨሰ ግን መጀመሪያ ሰው ይውጣ፣ በተለይ ሕፃናት። ከዚያ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጥሩ። ቆጣሪውን ማጥፋት ከተቻለና እሳቱ ገና ትንሽ ከሆነ፣ ብዙ ውኃ ከርቀት ማፍሰስ ይጠቅማል፤ ውኃ ሴሎቹን ያቀዘቅዛልና። «የሊቲየም እሳት በውኃ አይነካም» የሚባለው ለንጹሕ የሊቲየም ብረት የተነገረ ነው፤ የመሣሪያችን ባትሪ ግን ከዚያ የተለየ ነው። የጠፋ መስሎ ከሰዓታት በኋላ ሊነሣ ስለሚችል ወደ ቤት መልሳችሁ አታስገቡት።

የሞተ ባትሪስ? በቆሻሻ ክምር ውስጥ ከተጣለ፣ ክምሩ ሲቃጠል ይፈነዳል። ለቆራሌው ከተሰጠ ደግሞ መዳቡን ለማውጣት በመዶሻ የሚሰብረው ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜ ያ ሰው ልጅ ነው። ስለዚህ ለፋኩልቲያችን አንድ ሐሳብ በይፋ አቀርባለሁ። በቤተ ሙከራችን በር ላይ አሸዋ ያለበት የብረት መሰብሰቢያ ይቀመጥ፤ የአካባቢው ባለሙያዎች የሞተ ባትሪያቸውን፣ ንክኪው በፕላስተር ተሸፍኖ፣ እንዲያመጡልን እንጋብዛቸው። ተማሪዎቻችን ይለኩታል፣ ይመዘግቡታል፣ ለምን እንደ ሞተ ያጠኑታል። በአገራችን ሁኔታ ባትሪ እንዴት እንደሚያረጅ የራሳችን መረጃ የሚኖረን እንዲህ ስንጀምር ነው።

ይህ ጉዳይ በድሪል የሚያበቃም አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ የሊቲየም ባትሪ በየግቢያችን እየገባ ነው። የመኪናው ባትሪ የድሪሉ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሙቀትን መፍራቱ፣ ሙላትም ባዶነትም ሲበዛበት መታመሙ አንድ ነው። በትንሹ ላይ ያልተማርነውን በትልቁ ላይ በውድ ዋጋ እንማረዋለን።

ለማጠቃለል፦ ቀዝቅዞ ይሞላ፤ ነቅታችሁ ሳለ ይሞላ፤ ሲሞላ ይነቀል፤ ለክረምት በግማሹ ይቀመጥ፤ ከበሩ ይራቅ። ከዚህ ውስጥ አንዱም ገንዘብ አያስወጣም። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ቻርጀሩ የት እንደ ተሰካ ተመልከቱ፤ በበሩና በሚተኛው ሰው መካከል ከሆነ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ቦታውን ቀይሩ።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።